ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የእስያ መስታወት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1886–1919፤ ሌላ ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ንግድና ስለ መንግሥት ሀብት በአማርኛ ጠለቅ አድርገው ከጻፉት ፈር ቀዳጆች አንዱ ናቸው። የኢትዮጵያን ነጻነት ከእስያ ልምድ ጋር አስተያይተው ካዩት ቀደምት ጸሐፊዎችም ይቆጠራሉ። አድዋ አካባቢ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው በኦስትሪያና በጀርመን ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ33 ዓመታቸው ሲያርፉ ሁለት ዋና ሥራዎች ትተዋል። አንዱ በ1912 በአሥመራ «ብርሃን ይሁን» በተባለ መድበል ውስጥ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ነው፤ ሌላው ካረፉ በኋላ በ1924 የወጣው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው።

አዲስ ሕይወት የተባሉት ጸሐፊ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ እሳቸውንና መሰሎቻቸውን የጃፓን መንገድ ተከታዮች ብለው ከሰየሙ ወዲህ ገብረ ሕይወት የጃፓን አድናቂ ተብለው ብቻ መጠቀሳቸው ተለምዷል። ስያሜው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን ይሸፍናል። ወጣቱ ጸሐፊ ጃፓንን የፈለጓት ሊገለብጧት ሳይሆን ሊለኩባት ነው። ጥያቄያቸው በጦር ሜዳ ያሸነፈ መንግሥት ከድሉ በኋላ ነጻነቱን በምን ያቆያል የሚል ነበር። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1909 የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ በውዳሴ ቃና አሳትመው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የገብረ ሕይወት ጽሑፍ ከውዳሴው ይልቅ በጉድለቱ ላይ ያተኩራል። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲለይ፣ ግብር ልክ እንዲኖረው፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ፣ ሃይማኖት ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። የጃፓን ስም የሚነሣው በዚህ መካከል ነው፤ እነዚህ ነገሮች አውሮፓዊ ባልሆነ አገርም መፈጸማቸውን የምታሳይ ምስክር ሆና።

ብርቱ ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጃፓን ደሴት ናት፤ ሜጂ ከሚባለው የዘመናዊ ለውጥ ዘመኗ በፊትም ትልልቅ ከተሞች፣ ባለጸጋ ነጋዴዎችና ማንበብ የሚችል ብዙ ሕዝብ ነበራት፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ከመነሻው አይገጥምም ይባላል። ተቃውሞው ስለ ጃፓን ልክ ነው። ነገር ግን ጃፓንን ትተን ከእሷ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለችውን ሲያምን፣ የዛሬዋን ታይላንድ፣ ብናይ የገብረ ሕይወት ክርክር ይበረታል እንጂ አይደክምም። ሲያም እንደ ኢትዮጵያ በቅኝ ገዥዎች የተከበበች ንጉሣዊ አገር ነበረች። በጥር 1896 እንግሊዝና ፈረንሳይ የሲያምን መካከለኛ ክፍል ላለመንካት ተዋዋሉ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት የአድዋ ጦርነት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያም በሌሎች ውል ውስጥ ገባች። ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚገታ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ ተስማሙ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን አገሪቱን በጥቅም ክልል ተከፋፈሉ። በ1925 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን በጣና ጉዳይ ደብዳቤ ሲለዋወጡ ባለቤቱን ማንም አልጠየቀም፤ ራስ ተፈሪ ይህን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ማለት ግድ ሆነባቸው። ሰንደቅ ዓላማው የቆመ፣ ሐይቁ ግን በሌሎች ጠረጴዛ ላይ የሚመከርበት አገር ምን ያህል ነጻ ነው? የገብረ ሕይወት ሥጋት ይህ ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ለሚያነባቸው ሰው ደግሞ ሥጋቱ ዓይኑ ፊት የተኛ ውኃ ነው።

ሲያም ይህን ሥጋት እንዴት ተቋቋመችው? በሁለት ነገር፤ አንዱ መሬት መስጠት ነው። በ1893 የሜኮንግን ግራ ዳር፣ በ1907 የካምቦዲያን ምዕራብ ለፈረንሳይ፣ በ1909 አራት የማላይ ግዛቶችን ለእንግሊዝ ለቀቀች። ሁለተኛው የአስተዳደር ለውጥ ነው፤ የምንማርበትም እሱ ነው። በሲያም የአውራጃ ገዥ ደመወዝ አልነበረውም፤ ከግዛቱ በሚሰበስበው ይኖር ነበር። ሕዝቡ ይህን ሥርዓት «ኪን ሙአንግ» ይለው ነበር፤ ትርጉሙ አገር መብላት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ምሳሌ ላለው ሕዝብ ይህ ቃል ማብራሪያ አያሻውም። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1892 አሥራ ሁለት ሚኒስቴሮች አቋቋሙ፤ ልዑል ዳምሮንግም የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው አውራጃዎቹን ደመወዝተኛ ሹማምንት ወደሚያስተዳድሯቸው ክፍሎች አዋቀሩ። ገብረ ሕይወት ለኢትዮጵያ የጠየቁት በመሠረቱ ይኸው ነው። ደሴት ያልሆነ፣ ፋብሪካም ያልነበረው መንግሥት ከፈጸመው፣ የማይቻል ምኞት ነበር ሊባል አይችልም።

በሌላ በኩል፣ ሲያም ያለ ፋብሪካ ነጻ ሆና ከቆየች የማያመርት ሕዝብ ነጻ አይደለም የሚለው የገብረ ሕይወት ሐሳብ ይፈርሳል የሚል ይኖራል። አይፈርስም። ሲያም በ1855 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረመችው የቦውሪንግ ውል የገቢ ዕቃ ቀረጧ ከመቶ ሦስት እንዳያልፍ ታስሮ ነበር፤ ከዚህ ማሰሪያ የተላቀቀችው በ1920ዎቹ ነው። እስከዚያ ሩዝ እየሸጠች የተሠራ ዕቃ ትገዛ ነበር። ኢትዮጵያም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተዋዋለችው ውል የቀረጧ ጣሪያ በአብዛኛው ዕቃ ላይ ከመቶ አሥር ሆነ። ገብረ ሕይወት ድሬዳዋ ላይ ቀረጥ ሲያስከፍሉ የሠሩት በዚህ ጣሪያ ሥር ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆናቸውን፣ ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ከበለጠው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ የሚያስረዳው ይህን ከመሰለ ቦታ ሆኖ ነው። የዘጌ ቡና ሄዶ አቡጀዲ የሚመጣበትን ንግድ በአማርኛ እንዲህ ያብራራ መጽሐፍ ከዚያ በፊት አላውቅም።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ገብረ ሕይወት ለቤተ ክህነት ትምህርት የሰጡት ቦታ አነስተኛ ነው፤ የራሳቸው ንጽጽርም እዚህ ላይ ይሞግታቸዋል። ጃፓን በ1872 ያወጀችው ዘመናዊ ትምህርት ባዶ ሜዳ ላይ አልተተከለም፤ የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ልማድ በነባሮቹ የሰፈር ትምህርት ቤቶች ቀድሞ ተስፋፍቶ ነበር። በጣና ደሴቶችና በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች የነበረው ትምህርትም ለዘመናዊው መሠረት ሊሆን ይችል ነበር። አውሮፓ ውስጥ ያደገው ዓይናቸው ይህን ሀብት አሳንሶ አየው፤ ጃፓንን ከቅርብ ቢያዩ ኖሮ ግን ፍርዳቸው በተለወጠ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእሳቸው በኋላ ጃፓን በመንግሥት ደረጃ ተጠናች። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1931 ሕገ መንግሥት የ1889ን የጃፓን ሕገ መንግሥት ተከትሏል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዓመት ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። በመካከሉ የጃፓን ርካሽ የጥጥ ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ አጥለቀለቀው። ምሳሌ የተባለችው አገር ራሷ፣ ወጣቱ ነጋድራስ ባስጠነቀቁት ንግድ ውስጥ የተሠራ ዕቃ ሻጭ ሆና መጣች። ጣና ዳር ጥጥ በመኪና ተፈትሎ መሸመን የጀመረው በ1961 ነው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ ሲቋቋም። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም በ1964 ሥራ ጀመረ፤ በ1902ቱ ውል ስሙ በተጠራው ወንዝ ላይ።