«ይኼኛው ግን ይለያል»፦ የፍቅርና የአስፈሪ ልብ ወለድ በእንግዳ አንባቢ እጅ

ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱ ወደ 3000 ቁራጭ ይጠጋል፤ ከእስር ቤቱ የወጣውም ተደብቆ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ለኅትመት በቃ። ይህ ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚደነቀው የተርጓሚው ጽናት ነው፤ ይገባዋልም። እዚህ ላነሣቸው የምፈልገው ግን ትርጉሙ የተሠራላቸውን፣ አብረውት የታሰሩትን ሰዎች ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ያፈራቸው ናቸው፤ «መሬት ለአራሹ» እያሉ የጮኹ፣ ጥበብ ለትግል ካልዋለ ፋይዳው ምንድን ነው እያሉ የተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው የሚቸል መጽሐፍ ደግሞ የአንዲት የባሪያ አሳዳሪ ባላባት ልጅ የፍቅር ታሪክ ነው፤ የፈረሰውን የአሜሪካ ደቡብ የሚያየውም በናፍቆት ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአቋም ከሄድን መጽሐፍና አንባቢ ከዚህ የበለጠ ሊራራቁ አይችሉም። ሆኖም ተወደደ።

ቀላሉ ማብራሪያ «ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ ነው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። የመጽሐፍ እጦት፣ ሰው በሌላ ጊዜ ዞር ብሎ የማያየውን ገልጦ እንዲጀምር ያደርገዋል። አንድ ሺህ ገጽ የሚያህል ልብ ወለድ ግን በእጦት ብቻ አይዘለቅም። መጀመር አንድ ነገር ነው፣ መደሰት ሌላ፤ የጣዕም አጥኚዎች በአብዛኛው የለኩት የመጀመሪያውን ነው። ፒየር ቡርዲዩ በ1979 ባሳተመው «ላ ዲስታንክስዮን» ጣዕም የመደብ ምልክት መሆኑን አሳየ፤ ሰው የሚወደውን ሲናገር ከእነማን ጋር መቆጠር እንደማይፈልግም እየተናገረ ነው። ሪቻርድ ፒተርሰንና ሮጀር ከርን ደግሞ በ1996 የአሜሪካውያንን የሙዚቃ ምርጫ መርምረው፣ የተማረው ክፍል ተራ የሚባለውን መናቁን ትቶ ከሁሉም መቅመስ እንደጀመረ ጻፉ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ከሁሉም የሚቀምሰው ሰው እያንዳንዱን እንዴት እንደሚያጣጥም ግን አይነግሩንም። የፍቅር ልብ ወለድ፣ ወይም ሆረር የሚባለው አስፈሪ ልብ ወለድ፣ አልወድም የሚለውን አንባቢ ሲይዘው ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው አንባቢ የሚለው ነገር የታወቀ ነው፤ «የፍቅር ታሪክ አልወድም፣ ይኼኛው ግን ይለያል።» ለመጽሐፉ ምስጋና ይመስላል። ሲመረመር ግን በዘውጉ ላይ የተላለፈ ፍርድ ነው። አንባቢው የወደደውን ሥራ ከዘውጉ አውጥቶ ወደ ቁም ነገሩ መደርደሪያ ያዛውረዋል፤ የጣዕሙ አጥር ሳይነቀነቅ ይቀራል። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (1818) የሳይንስና የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ሄደ። የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) የሴት ልጅ ነጻነት መጽሐፍ ሲባል፣ ጣሪያ ሥር የተቆለፈባት ሴትና በሌሊት የሚሰማው ሳቅ ወደ ኋላ ቀሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም (1958 ዓ.ም.) በክፍል ውስጥ ሲተነተን የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና የጉዱ ካሣ ሂስ ይቀድማሉ፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር ሌላውን ቁም ነገር ለማስዋጥ የገባ ይመስላል። ምርጦቹ አንድ በአንድ ከወጡ በኋላ በዘውጉ ውስጥ የሚቀረው ደካማው ነው። ያኔ «አላልኳችሁም?» ማለት ይቀላል፤ ንቀቱ ማስረጃውን ራሱ ያመርታልና። የእኔ ክርክር፣ እንግዳውን አንባቢ የያዘው ከዘውጉ የተረፈው ነገር ሳይሆን ዘውጉ ራሱ ነው የሚል ነው።

ሁለቱ ዘውጎች አብረው የሚናቁት አብረው ስለተወለዱም ይሆናል። የሆሬስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» በ1764 ሲወጣ የሙታንን ጥላና የጋብቻን ሽኩቻ በአንድ ግንብ ውስጥ አጎረ። አን ራድክሊፍ በ1794 በ«የዩዶልፎ ምሥጢሮች» ያንኑ አሰፋችው፤ ወጣቷ ኤሚሊ በተራራ ላይ ግንብ ውስጥ ሆና ትፈራለችም ትናፍቃለችም። የፊልም ምሁሯ ሊንዳ ዊልያምስ በ1991 እነዚህን መሰል ሥራዎች «የሰውነት ዘውጎች» ብላ ሰበሰበቻቸው፤ የተመልካቹ ሰውነት የሚያየውን ይከተላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። የተማረ አንባቢ የሚጠረጥረው ይህንን ነው። ማንበብን ራስን የመግዛት ሥራ አድርጎ ለለመደ ሰው፣ መጽሐፍ ሳያስፈቅደው ዕንባውን ሲያወጣው የተሸነፈ ይመስለዋል።

ስለ ፍርሃት ደስታ የቀረቡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው። አርስቶትል በእውን ብናያቸው የሚያስጨንቁን ነገሮች በትክክል ተመስለው ሲቀርቡ ደስ እንደሚሉን ጽፏል። ፈላስፋው ሂዩም በ1757 ደስታው ከአቀራረቡ ውበት እንደሚመጣ ተከራከረ። ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ፣ ሰው ጉዳት እንደሌለው እያወቀ ሰውነቱን ማስደንገጥ ይወዳል ይላሉ፤ ምሳሌያቸውም የሚያቃጥል ቃሪያ ነው፤ ሚጥሚጣ እየበላ ላደገ አንባቢ ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ግን ኖኤል ካሮል በ1990 ያቀረበው ነው፤ አንባቢውን የሚስበው ጭራቁ ምን እንደሆነ የማወቅ ጉጉት ነው፣ ፍርሃቱና መጸየፉ ለዚያ የሚከፈል ዋጋ ነው። ይህ ለ«ድራኩላ» ይሠራል። ሸርሊ ጃክሰን በ1959 ስለ ሂል ሀውስ ለጻፈችው ልብ ወለድ ግን አይሠራም፤ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ መጨረሻው አይገለጥም፣ ፍርሃቱም በዚያው መጠን ይብሳል።

«ድራኩላ» (1897) ላይ ትንሽ መቆየት ይበጃል፤ ከዘውጉ ውጪ ለመጣ አንባቢ ያልተጠበቀ በር አለውና። ብራም ስቶከር ታሪኩን በአንድ ተራኪ አላስነገረም። መጽሐፉ ከዕለት ማስታወሻ፣ ከደብዳቤ፣ ከቴሌግራም፣ ከጋዜጣ ቁራጭና ከመርከብ መዝገብ የተሰፋ ነው። ኮንት ድራኩላን ከሚያሳድዱት መካከል ዶክተር ሴዋርድ ማስታወሻውን በፎኖግራፍ ይቀዳል፤ ሚና ሁሉንም በታይፕ ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል ታደራጃለች። አሳዳጆቹ ኮንቱ ላይ የሚደርሱት ጩቤ ከማንሣታቸው በፊት በሰነድ ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደነበረ ሲነጻጸር የማይጨበጠው ፍጡር ዱካ ይወጣል። የታሪክ ተመራማሪ፣ ጠበቃ፣ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ደም መጣጩን ለማየት ባይመጣ እንኳ ማስረጃው ሲገጣጠም ለማየት ይቆያል። ከቆየ ደግሞ ፍርሃቱ በዚያው በር ይገባበታል፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የሚያውቀው ከፊሉን ሲሆን አንባቢው ግን ሁሉንም ይዟል። የኮንቱ ሰለባ በሆነችው በሉሲ ላይ የሚደርሰውን ከራሷ ቀድሞ ያውቃል፣ ሊያስጠነቅቃት ግን አይችልም። ልብ ሰቀላው የሚሠራው በሰነድና በሰነድ መካከል ባለው ክፍተት ነው። እንግዲህ «እኔ የወደድኩት የሰነዱን አሠራር እንጂ አስፈሪነቱን አይደለም» የሚል አንባቢ ሊነጣጠል የማይችለውን እየነጣጠለ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ተጨማሪ በር አለው። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ወደ ትራንሲልቫኒያ የሚጓዘው ወጣት የሕግ ሰው ጆናታን ሀርከር ባረፈበት ቤት፣ አንዲት ሴት ከአንገቷ መስቀል አውልቃ ትሰጠዋለች። እሱ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን እንደ ጣዖት ነገር ማየት የለመደ ነው፤ የሚቀበለው እሷን ላለማስቀየም ነው። ለዘመኑ የለንደን አንባቢ ሴትዮዋ የኋላ ቀር ገጠር ምልክት ናት። ማተብ ታስሮለት ላደገ፣ ለሕፃን ክታብ ሲታሰር ላየ፣ ጤና አዳም ለምን እንደሚያዝ ለሚያውቅ ሰው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ትክክሏ እሷ ናት፤ ሞኙ እሱ ነው። ኋላ ከአሳዳጆቹ አንዱ ቫን ሄልሲንግ በሉሲ ክፍል የነጭ ሽንኩርት አበባ ሲያስቀምጥና የሉሲ እናት ሽታው ከብዷት ስታነሣው፣ እንዲህ ያለው አንባቢ ማብራሪያ አይጠብቅም። ስቶከር አንባቢውን ቀስ በቀስ ሊያሳምንበት የደከመበትን ነገር እሱ ከቤቱ ይዞት መጥቷል።

ይህ ቅርበት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጽቬታን ቶዶሮቭ በ1970 እንዲህ ያለ ሥነ ጽሑፍ በማመንታት ላይ እንደሚቆም ጽፏል፤ ነገሩ ተፈጥሯዊ ይሁን ከተፈጥሮ በላይ አንባቢው መወሰን ያቅተዋል። ቡዳና ዛር በየሰፈሩ በሚታወቁበት ማኅበረሰብ ማመንታቱ ቦታ ይቀይራል፤ ጥያቄው «እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል?» መሆኑ ቀርቶ «ይኼ ሰውዬ እሱ ይሆን?» ይሆናል። በአማርኛ የጭራቅና የጅብ ተረት፣ አምሽቶ የሚወራ የመንፈስ ወሬ ሞልቶ ሳለ አስፈሪው ልብ ወለድ የሳሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የሚያስፈራን ነገር ለደስታ ለማንበብ፣ አስቀድሞ ፈጠራ መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። አያቱ የነገረችውን ማን በፈጠራ ይቆጥራል?

በፍቅር ልብ ወለድ ላይ የሚነሣው ዋና ክስ መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል የሚል ነው። ክሱ እውነት ነው፤ ጥፋት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ፓሜላ ሬጂስ በ2003 ዘውጉን ስትተነትን ስምንት የማይቀሩ ክፍሎች አሉት አለች፤ ከነዚህም አንዱ ሁሉም ነገር ያለቀለት የሚመስልበት፣ ፍቅሩ የሞተ ያህል የሚሆንበት ቅጽበት ነው። ጋብቻው እንደሚመጣ ማወቃችን ያንን ቅጽበት አያላላውም፤ እንቅፋቱ ሲወፍር «ይህ ደግሞ እንዴት ይፈታ ይሆን?» የሚለው ጉጉት ይወፍራል። ጃኒስ ራድዌይ በ1984 ባሳተመችው ጥናት ካነጋገረቻቸው አሜሪካውያን ሴቶች መካከል መጨረሻው ደስተኛ መሆኑን አስቀድመው የሚያረጋግጡ ነበሩ። የተማረ አንባቢ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ መጨረሻውን በሽፋኑ ላይ አልጻፉትምን? «መቃብር» የሚለውን አንብቦ ሠርግ የሚጠብቅ የለም፤ ያም ሆኖ መጽሐፉን ማንም በተገማችነት አይከሰውም።

ልዩነቱ የመጨረሻው መታወቅ ላይ ሳይሆን የትኛው መጨረሻ ይከበራል በሚለው ላይ ነው። አማርኛ ልብ ወለድ በጋብቻ መጨረስን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ በ1908 በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ጦቢያ በሚል ስም የምናውቀው፣ መደምደሚያው ጋብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ምሁሩ ለፍቅር ታሪክ ይቅርታ የሚያደርገው ሰው ሲሞትበት ነው። ሐዘን የክብር ልብስ ነው፤ ደስታ ግን የልጅ ነገር ይመስላል። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የወደደ ሁሉ የፍቅር ልብ ወለድ ወደደ ብዬ ለመመስከር እቸገራለሁ። የጄን ኦስተንን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» (1813) ቢያመጣልኝም ያው ነው፤ እሷም ከተፈቀደላቸው አንዷ ናት። በሠርግ የሚያልቅ፣ ማንም ያልዘመረለት፣ ተራ የፍቅር መጽሐፍ ወስዶ እስከ መጨረሻው ከተደሰተ ያኔ እንነጋገራለን።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው የሆነውም እዚህ ላይ ይታሰባል። ሬዲዮ የተከፈተበት ቤት ውስጥ ማንም ለምን እንደሚሰማ አይጠየቅም፤ ጎልማሳው ዜና ሲጠብቅ የቆየ መስሎ ይሰማል። የእስረኞቹም ነገር ከዚህ አይርቅም። ንባብ የጋራ ሲሆን አንባቢው ጣዕሙን ለሌላ ሰው ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ብቻውን መጽሐፍ ይዞ ሽፋኑን የሚደብቅ ሰው ግን የሚከራከረው ከራሱ ጋር ነው።

ይህን ክርክር ቀድመው ካዩት አንዷ ኦስተን ነች። በ1817 መጨረሻ በወጣው «ኖርዛንገር አቢ» ውስጥ ካትሪን፣ ወንዶች የተሻለ መጽሐፍ ያነባሉ ብላ ስለምታስብ ዩዶልፎን ማንበቧን ለሄንሪ ስትናገር ታፍራለች። ሄንሪ ቄስ ነው፣ የተማረ ነው፣ ቀልደኛም ነው። የራድክሊፍን ሥራዎች ሁሉ ማንበቡን፣ ዩዶልፎን ጀምሮ ማስቀመጥ እንዳቃተው፣ ፀጉሩም እንደቆመ ይነግራታል። መጽሐፉን ከዘውጉ አላወጣውም፤ ያደነቀው በአስፈሪነቱ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኢዛቤላ ለካትሪን የሰባት አስፈሪ ልብ ወለዶች ዝርዝር ትሰጣታለች። ኦስተንን የሚያመልኩ ብዙ አንባቢዎች ስሞቹን ራሷ ለቀልድ የፈጠረቻቸው ይመስሏቸው ነበር፤ ማን አንብቧቸው? ማይክል ሳድሊር በ1920ዎቹ ሰባቱም በእርግጥ የታተሙ፣ ከ1793 እስከ 1798 ባሉት ዓመታት ለንባብ የበቁ መሆናቸውን አሳየ። ከሰባቱ አንዱ «የእኩለ ሌሊት ደወል» ይባላል። ኦስተን በጥቅምት 1798 ለእህቷ ለካሳንድራ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ይህንኑ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው እያነበቡት ያሉትን ሰው ትጠቅሳለች፤ ቄሱ አባቷ ናቸው።