የሌዲ ማክሚላን የአባት ስም ማን ነበር?

ከሩንዳ ወደ ናይሮቢ መሀል ከተማ ስትወርዱ የማክሚላን ቤተ መጻሕፍትን ታገኛላችሁ። በ1931 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አሜሪካዊቷ ሌዲ ሉሲ ማክሚላን ለሟች ባለቤታቸው መታሰቢያ ባቆሙት ቤት ነው። ባልየው በ1903 ዓባይን በጀልባ ሊወርዱ ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰው ናቸው።

ታዲያ የሴትየዋን ዘር በማክሚላን ስም የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የባላቸውን ዘመዶች ነው። በነሱ ልማድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለቻ! የራሳቸውን ወገን ለማግኘት ከጋብቻ በፊት ወደነበረው ስም፣ ወደ ሉሲ ፌርባንክስ ዌበር፣ መመለስ ግድ ነው።

የኛ እናቶች የአባታቸውን ስም አይለቁም። ግን የስደት ወረቀታችን ብዙውን ጊዜ ከአያት አያልፍም፤ የእናት ወገንማ ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ጠይቀን ዛሬውኑ ደብተር ላይ እናስፍር።