ሲምማስቲያ፦ የጡት መጋጠም

ሲምማስቲያ በሁለቱ ጡቶች መካከል መኖር ያለበት ክፍተት ጠፍቶ ግራና ቀኙ በደረት አጥንት ላይ ሲገናኙ የሚሰጥ የሕክምና ስም ነው። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ሴቶች አሉ፤ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ዛሬ ቃሉ በብዛት የሚነሣው ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና ባስተለቁ ሴቶች ላይ ነው። ሥሩ ግሪክኛ ነው፤ «ሲን» አብሮ፣ «ማስቶስ» ጡት ማለት ነው። «ሲንማስቲያ» ብለው የሚጽፉትም አሉ። ከዚሁ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት በጤና ተቋሞቻችን የተለመዱ ናቸው፤ የምታጠባ እናት ጡት ሲቆጣ «ማስታይቲስ»፣ ጡት በቀዶ ሕክምና ሲነሣ «ማስቴክቶሚ» ይባላል።

ለሲምማስቲያ የማቀርበው የአማርኛ አቻ «የጡት መጋጠም» ነው። ተቃራኒውንም አብሮ መሰየም ይገባል፤ ጡቶቹ ከሚገባው በላይ ወደ ብብት ሲሸሹ «የጡት መራራቅ» እንበለው። ሁለቱ ችግሮች መነሻቸውም ሕክምናቸውም ይለያያል። ጡቷን የተሠራች ሴት «መሀሉ አላማረኝም» ካለች ሐኪሙ ገና ብዙ መጠየቅ አለበት፤ «ተጋጥመውብኛል» ወይም «ተራርቀውብኛል» ካለች ግን ግማሹን መንገድ አቅልላለታለች።

የትኛው ኢምፕላንት?

አንበሳሜም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የደራ ወረዳ ቀበሌዎች «ኢምፕላንት» ሲባል ሴቶች የሚያውቁት ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን በጤና ኬላ ማስገባት የጀመሩት በ2009 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ ሆርሞን እየለቀቀ ለ3 ዓመት ያገለግላል።

የጡት ኢምፕላንት ከዚህ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ከሲሊኮን የተሠራ ከረጢት ሲሆን ውስጡ የሲሊኮን ጄል ወይም ጨዋማ ውሃ ይይዛል። ከጡት እጢ በታች ወይም ከዚያ ጠልቆ ከደረት ጡንቻ በታች ይቀመጣል። ሆርሞን አይለቅም፤ እርግዝናም አይከላከልም። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ስናወራ «የጡት ኢምፕላንት» ብለን ሙሉውን መጥራት አለብን። «ኢምፕላንቴ ቦታውን ለቀቀ» ብቻ ያለች ሴት ባለሙያዋ ክንዷን ልትዳስስላት ትችላለች።

በሲሊኮን ጄል የተሞላ የጡት ኢምፕላንት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት አካል ውስጥ የገባው በ1962 በሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው፤ የሠሩት ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። በእኛ አገር የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የቆየ ሥራው ሌላ ነው። በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ የተጎዳ እጅና እግርን ሲያቃና ኖሯል፤ የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። ጡት ማስተለቅ ለደቡብ ጎንደር ደጋ የራቀ ነገር ቢመስልም፣ ከአረብ አገር፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ቤተሰብ ልትጠይቅ የመጣች ልጅ እዚሁ ሳለች ችግር ቢገጥማት የምትሄደው ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ ቃሉ እዚህም መታወቅ አለበት።

መሀሉን የሚወስነው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው መሀሉ እንዲጠብ ትልቅ ኢምፕላንት ማስገባት ይበቃል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ከኢምፕላንቱ በፊት ክፍተቱን የሚወስነው የሴቲቱ የራሷ አካል ነው።

መጀመሪያ የደረት አጥንቷ አለ፤ በሥጋ ቤት ቋንቋ ፍርምባ የምንለው። አጥንቱ ሰፊ ከሆነ ጡቶቿ ከመጀመሪያውም ተራርቀው ነው የበቀሉት። ከዚያ የጎድን አጥንቶቿ ቅርጽ ይመጣል። ደረቷ መሀሉ ገባ ያለ ከሆነ ኢምፕላንቶቹ ወደ መሀል ያዘነብላሉ፤ ወደ ፊት የወጣ ወይም ጎኖቹ የተንጋለሉ ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ። የደረት ጡንቻዋ በፍርምባው ጠርዝ ላይ የት ድረስ እንደተያያዘም ወሳኝ ነው፤ ከጡንቻ በታች የገባ ኢምፕላንት ከዚያ ማያያዣ ወደ መሀል ማለፍ የለበትም። በመጨረሻም የጡት ጫፍ የሚገኝበት ቦታ አለ። ሐኪሙ ኢምፕላንቱን ከጫፉ በስተጀርባ ማእከል ለማስያዝ ይሞክራል። ጫፎቿ በተፈጥሮ ወደ ውጭ የሚመለከቱ ከሆነ ኢምፕላንቱን በግድ ወደ መሀል ማምጣት ጫፎቹን ይብስ ወደ ጎን ያዞራቸዋል።

ቀዶ ሐኪሞች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተትን እንደ ተለመደ ያዩታል። ጡት ማስያዣ ጡቶቹን ገፍቶ አንድ ላይ ሲያመጣቸው በፎቶ የሚታየው ጠባብ መስመር የማስያዣው ሥራ ነው። ያንን ያለ ማስያዣ ከቀዶ ሕክምና መጠበቅ ለመጋጠም በር ይከፍታል።

መጋጠም እንዴት ይመጣል?

በፍርምባው ላይ ያለው ቆዳ ከሥሩ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ግራና ቀኝ ጡትን የሚለየውም ይኸው መያያዝ ነው። ለኢምፕላንቱ ቦታ ሲዘጋጅ ቆዳው ወይም ጡንቻው ወደ መሀል ከሚገባው በላይ ከተላቀቀ፣ ወይም የኢምፕላንቱ ስፋት ከጡቱ መቀመጫ ከበለጠ፣ ሁለቱ ኪሶች ይቀራረባሉ፤ ጨርሰው የሚገናኙበት ጊዜም አለ። ደጋግማ የተሠራች፣ በተለይ በየጊዜው መጠን የጨመረች ሴት ላይ አደጋው ይጨምራል።

ምልክቱን ለማየት ማስያዣውን አውልቆ ቀጥ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። በመሀሉ ያለው ቆዳ እንደ ድንኳን ከአጥንቱ ተነሥቶ ከታየ፣ ወይም አንዱን ኢምፕላንት ወደ መሀል ገፋ ሲያደርጉት ሌላውም አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ ኪሶቹ ተገናኝተዋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በማስያዣ ውስጥ መነካካት ብቻውን መጋጠም አይደለም።

መጋጠምን ማቃናት ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይከብዳል። ሰውነት በባዕድ ነገር ዙሪያ ሁሉ ቀጭን የጠባሳ ከረጢት ይሠራል። ሐኪሙ የዚህን ከረጢት የመሀል ጎን በስፌት ይዘጋል፤ ወይም ኢምፕላንቱን አዲስ ወደተዘጋጀ ኪስ ያዛውራል፤ ብዙውን ጊዜ በጠበበ ይተካዋል። አንዳንዴ ኢምፕላንቱን ጨርሶ አውጥቶ ቦታው እስኪጠግግ ወራት ከቆየ በኋላ እንደ አዲስ ያስገባል።

መራራቅስ?

መራራቅን ለሦስት ከፍሎ ማየት ይቀላል። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ነው፤ አጥንቱ ሰፊ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ የሆኑበት። ይህ የቀዶ ሕክምና ስሕተት አይደለም። መሀሉን ማለስለስ ካስፈለገ ከሆድ ወይም ከጭን የተወሰደ የራስ ስብ በመሀሉ ጠርዝ ላይ በመርፌ ይጨመራል። ሁለተኛው የኪስ ነው፤ ኪሱ በብብት በኩል በጣም ሰፍቶ ኢምፕላንቱ በጀርባ ሲተኙ ወደ ጎን ይወርዳል። ተፈጥሯዊ ጡትም ሲተኙ ጥቂት ወደ ጎን ይላል፤ ችግር የሚሆነው ኢምፕላንቱ ወደ ብብት ሲገባና ክንድን ሲነካ ነው። ሕክምናው የኪሱን የውጭ ጎን በስፌት ማጥበብ ነው። ሦስተኛው የጡንቻ ነው፤ ከጡንቻ በታች ያለ ኢምፕላንት የደረት ጡንቻ ሲኮማተር ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋል። እንስራ አዝላ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ሊጥ አቡክታ ለምትኖር ሴት ይህ በየዕለቱ የሚታይ ነገር ነው።

ከእነዚህ ሌላ የጠባሳ ከረጢቱ ራሱ ሊጨማደድ ይችላል። ሲጨማደድ ኢምፕላንቱን ያጠነክረዋል፤ ቦታም ሊያስለቅቀው ይችላል። ሐኪሞች በ1975 በወጣው የቤከር ደረጃ ከ1 እስከ 4 ይመድቡታል፤ 1 ለስላሳና እንደ ተፈጥሮ፣ 4 የጠነከረ፣ ቅርጹ የተበላሸና የሚያም ነው።

መጠበቅና አለመጠበቅ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠት አለ፤ ጡንቻውም ውጥር ነው። ኢምፕላንቶቹ ወደ ላይ ወጥተው ይታያሉ፤ መሀሉም ከሚሆነው በላይ ሰፊ ይመስላል። ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የመራራቅ ሥጋት ያላት ሴት ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከመጠየቋ በፊት ይህን ጊዜ ብትጠብቅ መልካም ነው። መጋጠም ከታየ ግን ቶሎ ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ገና ሲጀምር መሀሉን የሚጫን ልዩ ማስያዣ ሊረዳ ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ደግሞ አሉ። አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከጠነከረ ደም መቋጠር ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት፣ መቅላትና መግል ኢንፌክሽንን ያመለክታሉ። ለእነዚህ በዕለቱ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከዓመት በኋላ፣ አንዳንዴ ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ቢያብጥም ዝም አይባልም። ሸካራ ገጽ ካላቸው ኢምፕላንቶች ጋር የተያያዘ፣ እምብዛም የማይከሰት ሊምፎማ የተባለ የካንሰር ዓይነት አለ፤ በ2019 የአለርጋን ኩባንያ «ባዮሴል» የተባሉትን ምርቶቹን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ እብጠት በእጅ ሲዳሰስም «የኢምፕላንቱ ጠርዝ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው፤ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነውና።

ለባለሙያው ምን ይነገር?

አንዳንድ ሴት በኀፍረት «ጡቴን» ከማለት «ደረቴን» ማለት ትመርጣለች። «ደረቴን ያመኛል» የሚለው ግን ወደ ልብና ወደ ሳንባ ምርመራ ይወስዳል። እንዲህ ቢባል ይበልጥ ይረዳል፦

«ሲስተር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ውጭ አገር ሳለሁ ጡቴን ተሠርቻለሁ። የጡት ኢምፕላንት አለኝ፤ የክንዱን አይደለም። አሁን መሀሉ ተጋጥሞብኛል።»

ከቃሉ ጋር ካርዱም ይያዝ። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሆስፒታል የኢምፕላንቱ ሠሪ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣል። ጥቅሙ በ2010 በግልጽ ታየ፤ ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ኢምፕላንቶቹን ለሕክምና ባልተፈቀደ ሲሊኮን ሲሞላ መኖሩ ሲደረስበት፣ የያዘችው የማን ምርት እንደሆነ በማስረጃ የምታውቅ ሴት ወዲያው ወደ ሐኪሟ መሄድ ቻለች። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) የምትነሣ ሴትም ኢምፕላንት እንዳላት አስቀድማ መናገር አለባት፤ ባለሙያው ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ጡቱን ብቻ የሚያነሣበት ዘዴ አለ። የጡት ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሲሊኮን ጄል ያላቸው ኢምፕላንቶች፣ ሕመም ባይኖርም፣ ከገቡ ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላቸው በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል።

ገና ላልተሠራች

ጡት ማስተለቅ የምታስብ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው «ስንት ሚሊ ሊትር ይግባልኝ?» ብላ ነው። ሚሊ ሊትር የይዘት ልክ ነው፤ ስለ መሀሉ ክፍተት ብዙ አይነግርም። አንድ ዓይነት 300 ሚሊ ሊትር ሰፋና ዝቅ ያለ ሆኖም፣ ጠበብና ወደ ፊት ወጣ ያለ ሆኖም ይሠራል። የሚጠቅሙት ሁለት የሴንቲ ሜትር ጥያቄዎች ናቸው፦ የጡቴ መቀመጫ ስፋት ስንት ነው? የመረጡልኝ ኢምፕላንት ስፋትስ ስንት ነው? ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ትርፉ ወይ ወደ ፍርምባው ወይ ወደ ብብት መሄዱ ስለማይቀር፣ ወደ የት እንደሚሄድ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያስረዳት።