ቬትናምን ለመጎብኘት ላሰበ፦ ታሪኳ የት ይገኛል? ባህሏስ እንዴት ይቀረባል?

ቬትናም ሲባል ብዙዎቻችን ላይ ቶሎ የሚመጣው በአሜሪካ ፊልም ያየነው ጦርነት ነው። ጫካ፣ ሄሊኮፕተር፣ ጭስ። እዚያ ሲደርሱ ግን የጦርነቱ ስም ራሱ ሌላ ነው፤ ቬትናማውያን «የአሜሪካ ጦርነት» ነው የሚሉት። አገሪቱን በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃኖይ

ከጦርነቱ በፊት ረጅም ታሪክ አለ። በዋና ከተማዋ የሚገኘው የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ በ1070 ለኮንፊሺየስ ክብር የተሠራ ነው። ከ6 ዓመት በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የቤተ መንግሥቱን ፈተና ያለፉ ምሁራን ስም የተቀረጸባቸው 82 ድንጋዮች በድንጋይ ኤሊዎች ጀርባ ላይ ቆመዋል። ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ ለዕድል ብለው የኤሊዎቹን ራስ ይዳብሱ ነበር፤ ድንጋዩ እየተበላ ሲያስቸግር ታጠረ።

እዚያው ከተማ ውስጥ ሆዋ ሎ እስር ቤት አለ። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሠርተው የነፃነት ታጋዮችን አሰሩበት። በኋላ ደግሞ የተማረኩ አሜሪካውያን አብራሪዎች ገቡበት፤ ሴናተር የሆነው ጆን ማኬይን አንዱ ነው። አሁን ሙዚየም ነው። የፈረንሳዮቹን ጭካኔ በዝርዝር ያሳያል። ስለ አሜሪካውያኑ ግን በደህና እንደተያዙ ነው የሚናገረው፤ ታስረው የነበሩት ደግሞ ማሰቃየት እንደደረሰባቸው መስክረዋል። ሲገቡ ሁለቱንም አውቀው ይግቡ።

መሃል አገር

ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከቤተ መንግሥቱ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በ1947 እና በ1968 በተደረጉ ውጊያዎች ወድመዋል፤ ባዶ የሚመስለው ሣር ድሮ አዳራሽ ነበር። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሆይ አን የምትባል የድሮ የንግድ ወደብ አለች፤ በፋኖሶቿ ትታወቃለች። ከዚያም አልፎ ሶን ሚ መታሰቢያ ይገኛል። መጋቢት 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን የገደሉበት ቦታ ነው፤ ዓለም «ሚ ላይ» በሚል ስም ያውቀዋል። በቬትናም ቆጠራ ሟቾቹ 504 ናቸው። ለፎቶ ብለው የሚሄዱበት ቦታ አይደለም።

ሌላ ጥንቃቄ፦ እንደ ኳንግ ትሪ ባሉ አካባቢዎች ያልፈነዳ ቦምብ እስካሁን አለ። ከተጠረገ መንገድ አይውጡ፤ መሬት ላይ ያዩትን ብረትም አይንኩ።

ደቡብ

ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ ያለው የጦርነት ቅሪት ሙዚየም ልብ ይሰብራል፤ በተለይ ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው ኬሚካል ያደረሰውን ጉዳት የሚያሳየው ክፍል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የኩ ቺ ዋሻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የተቆፈረ ነበር። ጎብኚ የሚገባበት ክፍል ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ያም ሆኖ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። እዚያው በክፍያ ጥይት የሚተኮስበት ቦታ አለ። መተኮስ አለመተኮሱን ለእርስዎ እንተወው።

ከሰሜን ደቡብ በባቡር መሄድም ይቻላል፤ 1,726 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ከሰው ጋር

ገና እንደተዋወቁ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ቢባሉ አይቀየሙ። ቬትናማውያን ሰውን የሚጠሩት እንደ ዕድሜው ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ፣ አክስት፣ አያት እያሉ ነው። ዕድሜዎን ካላወቁ ምን ብለው እንደሚጠሩዎት ይቸገራሉ። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይሆንም። ቤት ሲጋበዙ ጫማ ያውልቁ፤ ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡ በሁለት እጅ ይስጡ፤ የአያቶች መታሰቢያ መሠዊያን በእጅ አይነካኩ። የሆ ቺ ሚን አስከሬን ባለበት ቦታ በቁምጣ መግባትም፣ ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም።

ቡናው

ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። አብዛኛው ግን እንደኛው አረቢካ ሳይሆን ሮቡስታ ነው፤ ከበድና መረር ይላል። በትንሽ ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድና ከጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ጋር ይቀርባል። ሃኖይ ውስጥ የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር ተመትቶ የሚገባበትም አለ፤ በ1940ዎቹ ወተት ሲጠፋ የተገኘ ዘዴ ነው። የለመዱትን ጀበና ጠብቀው ከሄዱ ይናደዳሉ፤ ራሱን ችሎ ከቀመሱት ግን ይወዱታል።

ከመሄድዎ በፊት

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የማንኛውም አገር ዜጋ እስከ 90 ቀን የሚያገለግል ኢ-ቪዛ መጠየቅ ይችላል። ቴት የተባለው አዲስ ዓመታቸው በጥር መጨረሻና በየካቲት አጋማሽ መካከል ይውላል። ያን ሰሞን ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ስለሚሄድ ባቡር ይሞላል፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። ሙዚየም ለማየት ከሆነ ሌላ ጊዜ ይምረጡ። የሚጋብዝዎ ቤተሰብ ካለ ግን ከቴት የተሻለ ጊዜ የለም።