በይተል ማልና የኦሞ ዳር ረሃብ
በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ሒጃዝን ድርቅ ሲመታት፣ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ከሻም እህል አስመጥተው ለተራበው አደሉ። ቃዲ አቡ ዩሱፍ በ«ኪታቡል ኸራጅ» እንዳሰፈሩት፣ ሲለምን ላገኙት አይሁዳዊ ሽማግሌም ከበይተል ማል ቀለብ ቆርጠውለታል። ሚዛኑ ችግር እንጂ ሃይማኖት አልነበረም።

በደቡብ ኦሞ ዳሰነችና ካሮ የኦሞ ሙሌት በሸሸበት ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 ግድብ ወንዙን ከያዘ ወዲህ ሙሌቱ እንደ ቀድሞው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ፣ አቅመ ደካማውን በቀጥታ ይደግፋል። የጂንካ ምእመናን ዘካና ሰደቃ ጎረቤትን ይደርሳል፤ ለሸለቆው ሁሉ ግን አይበቃም። ወንዙን የገራው የሕዝብ ገንዘብ ነውና፣ ማሽላው የቀረበትንም ሰው መቀለብ የዚያው ገንዘብ ዕዳ እንጂ ችሮታ አይደለም።