የማዳም ዋይፋይ ሲዘጋ

ብዙ እህቶች ከአገር ቤት የሚገናኙት በአሰሪ ቤት ዋይፋይ ብቻ ነው። ካርድ አያስወጣም፣ ጥሩ ነው። ግን ማዳም ተናዳ የይለፍ ቃሉን የቀየረች ቀን ዋትስአፕም ኢሞም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ጥቂትም ቢሆን ዳታ ያለው የራስሽ ሲም ይኑርሽ። ሲሙ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰው ሊያዘጋው ይችላል።

ዋትስአፕ ላይ የጻፍሽውን የዋይፋዩ ባለቤት ማንበብ አይችልም፤ ስልክሽን ከፍቶ ካላየ በቀር። (ስልክሽን መቆለፍ አትርሺ።) ኤሚሬትስ ያለሽ ደግሞ ዋትስአፕ መልእክትና የድምፅ ቅጂ ይልክልሻል፣ ጥሪው ግን በአብዛኛው አይሠራም፤ እዚያ የሚደወለው በቦቲም ነው።

የሞል ነፃ ዋይፋይ ለሰላምታ ይበቃል። የባንክ ነገር ግን በራስሽ ዳታ ይሁን። በቴክስት የሚመጣልሽን የማረጋገጫ ኮድም የአገርሽ ልጅ ብትጠይቅሽ እንኳ አትስጪ።

አደጋ ሲመጣ በዋትስአፕ ፖሊስ አይጠራም። በተራ ጥሪ ደውዪ፦ ኤሚሬትስ 999፣ ኩዌትና ሊባኖስ 112። ይሄ ዋይፋይም ዳታም አይፈልግም። ስልክሽን ሊወስዱብሽ ስለሚችሉ የቤተሰብና የቆንስላ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ልብስሽ ውስጥ ያዢ።