«እግድ»፦ የቃሉ ፍቺ፣ ምንጩና በፍርድ ቤት ያለው ውጤት

እግድ በአንድ ክርክር ላይ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አንድ ድርጊት እንዳይፈጸም፣ ወይም የተጀመረው ባለበት እንዲቆም ፍርድ ቤት የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። «ዕግድ» ተብሎም ይጻፋል። ከዚሁ ግስ የወጣው «እገዳ» ደግሞ በአብዛኛው ለአስተዳደራዊ እርምጃ፣ ለምሳሌ ሠራተኛን ከሥራ ወይም የንግድ ፈቃድን ለጊዜው ለማገድ ያገለግላል።

የቃሉ ምንጭ «አገደ» የሚለው ግስ ሲሆን፣ ይህ ግስ ከችሎት ይልቅ በገጠር ሜዳ ላይ የታወቀ ነው። እረኛ ከብት ያግዳል ሲባል መንጋው እንዳይበተንና ከሰው ማሳ እንዳይገባ እየመለሰ ይጠብቃል ማለት ነው። እረኛው ከብቱን አይሸጥም፤ የማን እንደሆነም አይፈርድም፤ ሲመሽ በቁጥሩ ያስረክባል። ምዕራባውያን ለዚሁ ትእዛዝ የሚጠቀሙበት ቃል በላቲን ሥሩ «መጣል፣ ግዴታ መጫን» የሚል ስሜት ስላለው፣ የአማርኛው ቃል የትእዛዙን ዓላማ በተሻለ ይገልጻል ማለት ይቻላል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 እና 155 ጊዜያዊ እግድ የሚሰጥባቸውን ሁኔታዎች ይደነግጋል። ሕጉ በብዙ ክፍሎቹ የ1908 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሕግን የተከተለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2121፣ በገንዘብ ካሣ ሊጠገን የማይችል ጉዳት የሚያስከትል ድርጊት በእግድ ሊከለከል እንደሚችል ይገልጻል።

ለአብነት ያህል፣ በሀብሩ ወረዳ መርሳ ከተማ ወንድምና እኅት በወረሱት ቤት ላይ ተካስሰው ክሱ በወረዳው ፍርድ ቤት ሳለ፣ ወንድም ቤቱን ለመሸጥ ገዥ አግኝቷል እንበል። ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ከተላለፈ በኋላ እኅት ብትረታ እንኳ ፍርዱን ማስፈጸም እጅግ ይከብዳታል። ስለዚህ ንብረቱ የመሸጥ አደጋ እንደተጋረጠበት በቃለ መሐላ አስደግፋ እግድ መጠየቅ ትችላለች። ፍርድ ቤቱ በመሠረቱ አስቀድሞ ለሌላኛው ወገን ማስታወቅ ይኖርበታል፤ መዘግየቱ የእግዱን ዓላማ ከንቱ የሚያደርገው ከሆነ ግን ሳይጠራው ሊያዝ ይችላል። ትእዛዙ ቅር ያሰኘው ወገንም እንዲነሣለት ወይም እንዲሻሻልለት ማመልከት መብቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለጉዳዮች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ፦ እግድ ያገኘ ሰው ረታ ማለት አይደለም፤ የታገደውም አልተረታም። የቤቱ ባለመብት ማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም።

ሌላው ስሕተት ከይግባኝ ጋር የተያያዘ ነው። በመርሳ የተረታ ወገን ወልድያ ለሚገኘው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ስላቀረበ ብቻ አፈጻጸሙ አይቆምም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 332 ጀምሮ እንደተመለከተው፣ የአፈጻጸም እግድ ለብቻው ተጠይቆ መፈቀድ አለበት። ጠያቂው ሳይዘገይ ማመልከት፣ ፍርዱ ቢፈጸም ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ማስረዳትና ዋስትና ማቅረብ ይጠበቅበታል።

እግዱ ከተሰጠም በኋላ ትእዛዙ ንብረቱን ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መድረሱን አመልካቹ ራሱ ቢከታተል ይበጃል፤ ትእዛዙ ያልደረሰው መዝጋቢ የሽያጩን ውል እንደማንኛውም ጉዳይ ሊያስተናግደው ይችላልና።